በዋልካው ላይ የሠራሁት ቤት

ባሌ የተቀበረ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ታናሽ ወንድሙ ነው። ከኮቱ ኪስ ሁለት ወረቀት አወጣ፤ መነጽሩን አስተካከለና በእድሩ ማይክራፎን ማንበብ ጀመረ። «በዚህ ሜዳ ላይ ሰው ባልነበረበት ዘመን የመጀመሪያውን ችካል የተከለ፣ ለዛሬው ሰፈራችን መሠረት የጣለ፣ ውሃ ቆፍሮ ሕዝብ ያጠጣ…» ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከፊት ተቀምጫለሁ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ «ከታናሽ ወንድሙ ጋር በመሆን ይህንን ቤት ሠራ» አለ። ስለ እኔ የተባለው ማብቂያው ላይ ነው። «ባለትዳር ነበር» ተባለ።

ያን ዕለት አፌን አልከፈትኩም። ባሏን ገና ከመቃብር የመለሰች ሴት ድንኳን ውስጥ ስለ ቤት ብትናገር ምን እንደምትባል አውቃለሁ። ከተቀበረ ሦስት ዓመት ሆነው። አሁን የጎደለውን እጽፋለሁ። የማንንም ስም አልጠራም፤ የእኔንም ጭምር። የሚያውቁን ያውቁናል፣ ለማያውቁን ስማችን ምን ያደርግላቸዋል?

ችካሉን የተከለው ባሌ ነው፣ አልክድም። ቀጥ አድርጌ የያዝኩለት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው መዶሻ ችካሉን ስቶ ያረፈው አውራ ጣቴ ላይ ነበር። «አይዞሽ፣ ደም ያልፈሰሰበት ቤት አይቆምም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ብዙ ነገር ያስቀኝ ነበር።

ከዚያ በፊት የምንኖረው ቃሊቲ፣ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ፣ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። ባሌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነው የሚሠራው። እኔ በራችን ላይ ጠባብ ኪዮስክ ነበረችኝ። እስረኛ ሊጠይቁ ለሚመጡ ሰዎች ሻይና ዳቦ እሸጣለሁ፤ ጥበቃው ይዘው እንዳይገቡ የሚከለክላቸውን ጃንጥላ፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ ደግሞ ቁጥር ሰጥቼ አስቀምጣለሁ። ወንድሙ ከገጠር መጥቶ እኛ ጋ ነው የተማረው። ከመጋረጃ ወዲያ እኛ፣ ከመጋረጃ ወዲህ እሱ። ዩኒፎርሙን አጥቤያለሁ፣ አንገትጌው ሲያልቅ ገልብጬ ሰፍቻለሁ። «እትዬ» ይለኛል፤ ዛሬም የሚለኝ «እትዬ» ነው። አነጋገሩ መቼም ተበላሽቶ አያውቅም።

መሬቱን ያገኘነው ከከተማው ዳር፣ ከበሰቃ ወዲያ ነው። በዚያን ጊዜ እዚያ መንገድ የለም፣ መብራት የለም፣ ጎረቤት የለም፤ እስከ ወንዙ ድረስ የሽምብራና የጓያ ማሳ ነው። የሸጡልን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። መሬት መሸጥ አይፈቀድም፤ ስለዚህ በምስክር ፊት ወረቀት ተጻፈ፣ የጣት አሻራ ተደረገ። ሚስታቸው ፈንጠር ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። እስኪያልቅ ድረስ አልዞሩም።

ጸሐፊው «በማን ስም ልጻፈው?» አለ። የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ሌላ ቤት እንዳለው ከታወቀ የቀበሌውን ይነጠቃል። ስለዚህ የወንድሙ ስም ገባ። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ገና ጢም አላወጣም፤ በወረቀት ግን ባለ ይዞታ ሆነ።

ቤቱን ስንጀምር ያጠፋነው ጥፋት የእኛ ብቻ ነው። ሁለታችንም ያደግነው ቀይ አፈር ላይ ነው። ቀይ አፈር ላይ ጉልበት ድረስ ቆፍረህ ምሰሶ ታቆማለህ፣ ጭቃ ትመርጋለህ፣ አለቀ። ይህ ግን ጥቁር ዋልካ ነው። ሽማግሌው መጥተው በከዘራቸው መሬቱን ነካ ነካ አደረጉና፣ «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይህ መሬት ሽምብራ ነው የሚያውቀው። ቤት አያውቅም። አፈሩን አውጡና ድንጋይ ሙሉበት።»

ባሌ እሳቸው ከሄዱ በኋላ «ከሸጡት በኋላ ቆጭቷቸው ነው» አለ። እኔም አመንኩት።

ሐምሌ ላይ ዋልካው ጠጥቶ አበጠ። በሩ አልዘጋ አለ፣ ከዚያ አልከፈት አለ፤ አንድ ሳምንት በመስኮት ስንወጣና ስንገባ ሰነበትን። ጫማ ጭቃው ውስጥ ይቀራል፣ እግር ብቻ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ደርቆ ተሰነጠቀ። ወለሉ መሀል ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ። አንዲት ጫጩት እዚያ ገባችብኝ። ቀኑን ሙሉ ከቤቱ ሥር ስትጮህ ሰማኋት፤ እጄ አልደረሰላትም። ማታ ዝም አለች።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው ያሉትን ያደረግነው። ያደረግነው ስል ያደረግኩት ማለቴ ነው። ባሌ ፈረቃ አለበት። ወንድሙ ፈተና አለበት። «ነገ ፈተና አለብኝ እትዬ» ይለኛል፣ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አድርጎ። ሁልጊዜ ፈተና ነበረበት። እንደሱ የተፈተነ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ግድግዳውን በጎን በጎን በግንድ እየደገፍኩ ከሥሩ ዋልካውን በዶማ አወጣሁ። ገረጋንቲ የሚሉትን ጠጠራማ አፈር በአህያ እያስጫንኩ፣ ድንጋይ እየለቀምኩ ሞላሁት። ጠዋት ቃሊቲ ኪዮስኬ፣ ከሰዓት ጉድጓድ። ሁለተኛው ክረምት ከመግባቱ በፊት ሦስቱን ጎን ጨርሼ አራተኛው ላይ ሳለሁ የአራት ወር ፅንስ ወረደብኝ። ከዚያ በኋላ አልያዘልኝም። ይህንን የምጽፈው ልታዝኑልኝ አይደለም። ኋላ ስለ ልጅ የተነገረኝ ነገር ስላለ ነው።

የውሃ ጉድጓዱን የቆፈረው ባለሙያ ነው፤ አፈሩን በገመድ ስጎትት የነበርኩት እኔ ነኝ። ውሃው ብቅ ያለ ቀን ወንድሙ ካሜራ ካለው ጓደኛው ጋር መጣ። ባልዲውን ይዞ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ለቀብሩ ተተልቆ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ሰው ሁሉ እያየ «እንዲህ ለፍተው ነው» ይል ነበር።

የገበሬው ሚስት በሁለተኛው ዓመት፣ ሽምብራ በሚያሸትበት ወራት፣ አጥሬን አልፈው ገብተው ግቢዬ መሀል ቆመው አገኘኋቸው። «ምን ፈልገው ነው?» አልኩ። ዶማዬን እንደያዝኩ ተጠጋኋቸው። «አልሰረቅኩም» አሉኝ፤ «እግሬ ነው ያመጣኝ።» በሩን ከፈትኩና በእጄ አሳየኋቸው። ወጡ። ዳግመኛ አልመጡም። እኔም ቤታቸው የት እንደሆነ እያወቅኩ አልሄድኩም።

እኛ ከገባን በኋላ ሌላውም ተከተለ። መጀመሪያ አንድ የስልጤ ነጋዴ መጣ፤ ቤቱ እስኪቆም ቆርቆሮውን እኔ ጓዳ ነው ያስቀመጠው፤ ኋላ ትልቅ ሱቅ ከፈተ። ቀጥሎ አንድ ሹፌር መጣ። ከዚያ አንድ መምህር መጣ፣ ሚስቱ አራስ ሆና፤ ጣራቸው ስላላለቀ ሁለት ሳምንት ያረሰችው እኔ ቤት ነው። ሁሉም ውሃ የቀዱት ከእኔ ጉድጓድ ነው። «አንቺ ባትኖሪ ይህ ሰፈር አይኖርም ነበር» ይሉኛል። ቃላቸው ነው፣ ያኔ ያሉት። እድሩም የተመሠረተው በእኔ ግቢ ነው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ግን አባወራው ነውና ባሌ ተጻፈ፣ ባሌ ዳኛ ሆነ። መናገር ይችልበታል። ስለ ዋልካውና ስለ ገረጋንቲው አዲስ ለሚመጡት ሲያስረዳ ጓዳ ሆኜ እሰማው ነበር። «እኔ ይህንን ቤት ሳነሣ…» ይላል።

መሬቱን ከገዛን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ያቺ የቀበሌ ቤት ለመንገድ ተብላ ፈረሰች። ኪዮስኬም አብራ ሄደች። እሷን ላለማጣት ብለን ነበር ስማችንን ያስቀረነው፤ አሁን ምን ቀረን? በሳምንቱ ባሌን «ስሙን አስተካክለው» አልኩት።

«የምን ስም?»

«የመሬቱን። ወደ ስምህ አዙረው።»

«ወንድሜን ስምህን አውጣልኝ ልበለው? አልታመንኩም ብሎ ይቀየመኛል።»

«ይቀየም።»

«አንቺ እንደሆንሽ ሰው ቢቀየም ግድ የለሽም» አለኝ።

በየዓመቱ ጠየቅሁት። አንዳንዴ «ለፋሲካ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ይላል። ፋሲካ ይመጣል፣ ወንድሙ ይመጣል፣ በጉ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ይሳቃል፣ ይሄዳል። «ነገርከው?» ስለው፣ «በበዓል ቀን?» ይለኛል። ሃያ ምናምን ፋሲካ እንዲህ አለፈ። ወንድሙ ተመረቀ፣ ሥራ ያዘ፣ ሰሚት አካባቢ ፎቅ ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ። ባሌ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት እጄን ይዞ «ወንድሜ አይጥልሽም» አለኝ። ፊቱን ግን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው ያለኝ። የማልረሳው ቃሉን ሳይሆን አዟዟሩን ነው።

አርባው በወጣ በሳምንቱ ወንድሙ መጣ። ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው። ተቀመጠና ስለ ጤናዬ ጠየቀ። ከዚያ፣ «እትዬ፣ ካርታው እኮ ወጥቷል» አለኝ።

«የምን ካርታ?»

«የዚህ ቤት ነዋ። ሰፈሩ ሲመዘገብ ጊዜ አስጨርሼዋለሁ። ወንድሜም ያውቃል።»

ያውቅ ነበር። ሰፈሩ ሲመዘገብ እኔን «የአንቺ መምጣት አያስፈልግም» ብሎ ጥሎኝ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ትዝ አለኝ።

«ታዲያ እኔስ?» አልኩ።

«ኧረ እትዬ! አንቺ እኮ እናቴ ነሽ። ማን ውጪ አለሽ? ብቻ እዚህ ላይ ጂ ፕላስ ምናምን ቢነሣ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ ነው። አንቺንም ኮንዶሚኒየም እከራይልሻለሁ፤ ደረጃ የማይበዛበት።»

ብርቱካኑን ይዞ እንዲወጣ ነገርኩት። ትቶት ሄደ።

ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። ሽማግሌው ገበሬ ሞተዋል፣ ሚስታቸውም ሞተዋል፣ አሻራ ያደረጉት ምስክሮችም የሉም። ልጃቸው አለ፤ በአባቱ እርሻ ላይ በተሠራው ኮብልስቶን ባጃጅ ይነዳል። ተሳፋሪ ሲጠብቅ አግኝቼ ነገርኩት። ጨርሶ አዳመጠኝና፣ «እማማ» አለኝ፣ «እኔ የማውቀው ያባቴ እርሻ እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተው ጨርሱት።» ጨዋ ልጅ ነው። ተሳፋሪ መጠበቁን ትቶ እኔን እቤቴ ድረስ አደረሰኝ።

ፍርድ ቤት እሄዳለሁ ስል ሰፈሩ ተነሣ። «ቤተሰብ ይከሳሰሳል እንዴ? እኛ ምን ልንሠራ ተቀመጥን?» አሉ። በሽማግሌ ይታይ ተባለ። ሦስት ሆነው ተመረጡ፤ ነጋዴው፣ ሹፌሩና መምህሩ። ስማቸውን ስሰማ ደረቴ ቀለለኝ። ከእኔ ጉድጓድ ያልጠጣ ከመሀላቸው የለም።

የመጡት እሑድ ከሰዓት ነው። ዳቦ ጋግሬ፣ ወንበር ደርድሬ ጠበቅኋቸው። ወንድሙም ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ለሦስቱም ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። በእኛ ደንብ ሽማግሌ ነገሩን ከመስማቱ በፊት ከሁለቱም ወገን ቃል ይቀበላል። ያላችሁትን እንቀበላለን፣ ከቃላችሁ አንወጣም ይባላል። ካልተባለ ሽማግሌው ይነሣል፤ እምቢ ያለ ሰው ሽማግሌ ደፋሪ ነው። መምህሩ «እንግዲህ ቃላችሁን ስጡን» አለ።

ማንም ሳይቀድመኝ ተነሣሁ። «እናንተ ያላችሁት ሁሉ ለእኔ ሕግ ነው» አልኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ቀና ብዬ። ኮርቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ወንድሙ ከእኔ በኋላ ተነሥቶ ረጋ ብሎ «እኔም እንደ እትዬ» አለ።

ከዚያ ነው መናገር የጀመርነው። ስለ ዋልካው ተናገርኩ፣ ስለ ገረጋንቲው ተናገርኩ። ሹፌሩ «እሱን እናውቃለን፣ እናውቃለን» እያለ ያቻኩለኛል። ወንድሙ ካርታውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ቀጥሎ እንዲህ አለ፦

«አባቶቼ፣ እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። መሬት ምን እንደሆነ አላውቅም። ስሜ ይግባ ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ወንድሜም አይደለም። እትዬ ናት። ‹የእሱን ስም ጻፈው› ብላ ለጸሐፊው የነገረችው እሷ ናት። እዚህ አለች፣ ትካድ።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

አልካድኩም። ይህንን እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ባሌ ያን ቀን በራሱ ስም ሊያስጽፍ ፈልጎ ነበር። «የቀበሌዋን ቤት ብንነጠቅም እንነጠቅ» ብሎኝ ነበር። እኔ ኪዮስኬን ማጣት ፈራሁ። ሩብ ዳቦና ሻይ የምሸጥባትን፣ የሰው ጃንጥላ የምቆልፍባትን ኪዮስክ። «ወንድምህ ያው አንተ ነህ» ያልኩት እኔ ነኝ። ባሌ ግን ሃያ ምናምን ዓመት ስነዘንዘው አንድ ቀን እንኳ «አንቺ አይደለሽም ወይ?» ብሎኝ አያውቅም። ለምን እንዳላለኝ አላውቅም። ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጨክንበትም ነበር።

ሽማግሌዎቹ ወጥተው በረንዳው ላይ ተማከሩ። ድምፃቸው ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም። አንድ ጊዜ ሳቁ። ተመልሰው ሲገቡ መምህሩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እህታችን» አለ፣ «ድካምሽን ማንም አይክድም። ወረቀት ወረቀት ነው፤ ደም ደግሞ ደም ነው። አንቺ ልጅ የለሽም። ይህን ቤት ለማን ልትተዪው ነው? ስለዚህ እንዲህ ብለናል፤ እስከ ዕለተ ሞትሽ ማንም ሳይነካሽ ትኖሪበታለሽ። ከዚያ በኋላ ለባለቤቱ ይመለሳል። እሱም አንቺ በሕይወት እያለሽ አያፈርስም።»

«ልጅ የሌለኝ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ቃል ሰጥተሻል» አለ ነጋዴው፣ ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ከሦስቱ ያፈረ እሱ ብቻ ነው።

«በሉ ተነሡ፣ ተሳሳሙ!» አለ ሹፌሩ። «ሰይጣን ይፈር!» ወንድሙ መጥቶ ትከሻዬን ሳመኝ። ሽቶው ነጠላዬ ላይ ቀረ። ወረቀት ተጻፈ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ዳቦዬን ቆርሰው በሉ። ሹፌሩ «እንዲህ ያለ ዳቦ የት ይገኛል» ብሎ ለቤቱ ጠቅልሎ ወሰደ።

ከወራት በኋላ ወረቀቱን ይዤ ነፃ የሕግ ምክር የምትሰጥ አንዲት ልጅ ጋ ሄድኩ። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። «እማማ፣ ፈርመዋል እኮ» አለችኝ። «ማን አስገደደዎት?» ማንም አላስገደደኝም። እሱን ለማስረዳት ሞክሬ ተውኩት።

በሰፈሩ ሰላምታው ተለውጧል። ድሮ «ደኅና ነሽ?» ብለው መልስ ሳይጠብቁ ያልፉ ነበር። አሁን ቆመው ያዩኛል፤ ዐይኔን፣ እግሬን፣ አረማመዴን ያያሉ። የመምህሩ ሚስት፣ እኔ ቤት ያረሰችው፣ «ከሳሽ» ትለኛለች። ባለፈው ክረምት ጣራው ሲያፈስ ለወንድሙ ደወልኩለት። የምደውለው ለባለቤቱ ነው፣ ሌላ ለማን ልደውል? «እትዬ፣ አሁን ምን ያደርግልሻል ብለሽ ነው፤ ገንዘብ መጣል እኮ ነው። ባልዲ አድርጊበት» አለኝ። አድርጌበታለሁ። ዋልካውም እንደ ድሮው በየክረምቱ ያብጣል፣ በየበጋው ይሰነጠቃል። ድንጋይ የሞላሁባቸው ሦስቱ ጎኖች ቆመዋል። ያልጨረስኩት አራተኛው ወደ ውጭ እያዘመመ ነው። ድሮ ቢሆን ግንድ አቁሜ እደግፈው ነበር። አሁን ሲሰጥም እያየሁ እተወዋለሁ። ለማን ብዬ?

ባለፈው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች መጡ። ወንድሙ ነው የላካቸው። ለፕላን ልኬታ ነው አሉኝ፣ በጣም በትሕትና። ግቢውን ለኩ፣ በረንዳውን ለኩ፣ ከዚያ ወደ ሳሎን ገቡ። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር። አንደኛው «እማማ፣ ለትንሽ ጊዜ ቢነሡልን» አለኝ። ተነሣሁ። ወንበሬን ገፋ አድርጎ ሜትሩን በግድግዳው ሥር ዘረጋ። ሁለተኛው ደብተሩ ላይ እየጻፈ፣ እኔ የማልሰማ መስሎት ጓደኛውን «ሥራው መቼ ይጀመራል ነበር ያለው?» ሲል ጠየቀው።

ጓደኛው ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ አየ።

«እኔ እንደሞትኩ» አልኩት።

«ኧረ እማማ!» አለ ሜትሩን የያዘው ደንግጦ። «ዕድሜ ይስጥዎት!»

ከዚያ ሜትሩን ጠቅልሎ ወደ መኝታ ቤቴ ገባ።